የቀበሌ ቤት ልቀቁ ተብለናል፤ ይግባኝ እንበል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እናቴ አዲስ አበባ ውስጥ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ በቀበሌ ቤት ትኖራለች። አምና ሐምሌ መጨረሻ ላይ ስትሮክ መታትና ደሴ እህቴ ጋ ወሰድናት። እኔም ላስታምማት አብሬያት ሄድኩ። ዘንድሮ መጋቢት 12 ስመለስ ጎረቤታችን አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ወረዳው የ14 ወር ውዝፍ ኪራይ አለባት ብሎ ከሷት፣ እሷ በሌለችበት የካቲት 20 ተፈርዶባታል። ውዝፉን ከፍላ ቤቱን እንድታስረክብ ይላል። መጥሪያ አልደረሰንም፤ በሩ ላይ ተለጥፎ ነበር አሉ። ውዝፉን የሚቆጥሩት ከአምና ታኅሣሥ እስከ ዘንድሮ ጥር ነው። እናቴ ግን እስክትታመም ድረስ ትከፍል ነበር። በፌስታል ካስቀመጠቻቸው ወረቀቶች ውስጥ የአምና ሐምሌን ደረሰኝ አግኝቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ያለውን አልከፈልንም፣ ይህን አልክድም። ጎረቤቶች «የመንግሥት ቤት ነው፣ ምን ክርክር አለው» ይሉኛል። ይግባኝ ማለት እንችላለን? እስከዚያስ ቤቱ ይታሸግብናል?
የእናቷ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ልጄ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በመጋቢት መጨረሻ ስለሆነ ከቀኖቹ ልጀምር። ብዙ ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ብዙ ሰው ቤቱን ሲያጣ ያየሁት ቀን አልፎበት ነው።

ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከፍርዱ ቀን ጀምሮ 60 ቀን ይሰጣል። ያ ማለት እስከ ሚያዝያ 20 ነው። ግን እባክሽ ከይግባኝ አትጀምሪ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የሚያየው የሥር ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ያለውን ነው። አዲስ ማስረጃ በመርህ ደረጃ አይቀበልም። የናንተ ደረሰኝ ደግሞ መዝገቡ ውስጥ የለም። የእናትሽ ሕመምም የለም። ዳኞቹ የሚያገኙት የወረዳውን ክስና መልስ ያልሰጠች ተከሳሽን ብቻ ነው። ምን አይተው ይፈርዱላችኋል?

መጀመሪያ የሚቀርበው አቤቱታ ሌላ ነው። በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ፍርዱ እንዲነሳለት መጠየቅ ይችላል። አንቀጽ 78 ነው፤ ቁጥሩን ያዢው፣ አቤቱታሽ ላይ ይጻፋል። የሚቀርበው ለዚያው ለፈረደው ፍርድ ቤት ነው። መጋቢት 12 ካወቅሽ ጊዜሽ እስከ ሚያዝያ 12 ነው። እስከ መጨረሻዋ ቀን አትጠብቂ።

ማስረዳት ያለብሽ ከሁለት አንዱን ነው፦ መጥሪያው በአግባቡ አልደረሰም፣ ወይም እናትሽ በበቂ ምክንያት መቅረብ አልቻለችም። እናንተ ሁለቱም አላችሁ። መዝገቡን አስወጥተሽ እይው። በር ላይ መለጠፍ የሚፈቀደው መጥሪያውን በተለመደው መንገድ ማድረስ እንዳልተቻለ ፍርድ ቤቱ አምኖ ሲያዝ ነው። ትዕዛዙ አለ? ከዚያ በፊትስ ማን ሄዶ ፈለጋት? መጥሪያ አድራሹ የጻፈውን ቃል በቃል አንብቢው። ለሁለተኛው ደግሞ የሆስፒታል ማስረጃ ያስፈልግሻል፣ የገባችበት ቀን የሚነበብና ማኅተም ያለው። ይህ ወረቀት ሌላም ጥቅም አለው፦ ቤቱን ጥላችሁት ሄዳችኋል የሚል ነገር ቢነሳ መልስ ይሆንሻል።

አቤቱታ ስላስገባሽ ብቻ አፈጻጸሙ አይቆምም። ይግባኝም ቢሆን በራሱ አያስቆምም። ብዙዎች «አቤት ብያለሁኮ» ብለው ተማምነው በተቀመጡበት ቤቱ ይታሸጋል። በዚያው አቤቱታ ላይ የእግድ ትዕዛዝ ጠይቂ። የአፈጻጸም መዝገብ ተከፍቶ ከሆነ ቁጥሩን ፈልጊና እግዱን እዚያም አድርሺው። አንድ ኮፒ እጅሽ ላይ ይቅር።

አሁን ወደ ደረሰኟ ልምጣ፤ እኔ እሷን ሳነብ ደስ ብሎኛል። በየጊዜው በሚከፈል ዕዳ ላይ፣ ተቀባዩ ያለፈው ቀሪ ነው ብሎ ሳይጽፍበት የአንድ ወር ደረሰኝ ከሰጠ፣ ከዚያ በፊት ያለው እንደተከፈለ ይገመታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው እንዲህ የሚለው። ስለዚህ ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ያለውን አልተቀበልንም የሚሉ ከሆነ የማስረዳት ሸክሙ የነሱ ነው። ከሐምሌ ጋር 8 ወር ከሒሳቡ ይወጣል። የሚቀረው ከነሐሴ እስከ ጥር፣ 6 ወር ነው። የደረሰኙን ጀርባ ሳይቀር አይተሽ፣ የሚቀንስብሽ ማስታወሻ እንደሌለበት አረጋግጪ።

ያንን የ6 ወር ግን ክፈሉት። ከጥር ወዲህ ያለውንም ጨምሩበት። መክፈል ብቻውን ፍርዱን አይሽረውም፣ ግን ዳኛ ፊት ስትቆሚ ሌላ ሰው ሆነሽ ነው የምትቆሚው። ወረዳው አልቀበልም ካለ ፍርድ ቤቱ ገንዘቡን በአደራ እንዲያስቀምጥልሽ ጠይቂ። ፍርዱን ሲያነሳም ገንዘብ እንድታስይዙ ሊያዝ ስለሚችል ተዘጋጂ። ቢሮ ውስጥ አንዱ «ተይው፣ እኛ እንጨርስልሻለን» ቢልሽ በጽሑፍ ይስጥሽ። ካልሰጠሽ እንዳልተባለ ቁጠሪው።

ጎረቤቶችሽ በከፊል ልክ ናቸው። ቤቱ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆኑት ቤቶች የሚቆጠር ነው፤ የእናትሽ ንብረት አይደለም። የተከራይነት መብቷ ግን የሷ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ላይ ማንም ሰው ጉዳዩን ፍርድ ቤት አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። የቀበሌ ቤት ተከራይ ከዚህ አልተለየም። አሮጊት ሴት ታማ ተኝታ፣ ሳትሰማ ቤቷን ስታጣ ዝም በሉ የሚል ምክር እኔ አልቀበልም።

ተከሳሿ እናትሽ ስለሆነች አንቺ የምትቆሚው በውክልና ነው። ልጅ ስለሆንሽ ጠበቃ ባትሆኚም ትችያለሽ። የገንዘብ አቅም ካጠራችሁ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ለዳኝነት ክፍያውም በደሃ ደንብ፣ ማለትም መክፈል ስለማንችል ሳንከፍል ጉዳያችን ይታይልን ብሎ፣ መጠየቅ ይቻላል። ፍርድ ቤት በር ላይ «ዳኛውን አውቀዋለሁ» ብሎ ብር ለሚጠይቅሽ ሰው አንድም ሳንቲም አትስጪ።

ፍርዱ አይነሳም ከተባልሽ በዚያ እምቢታ ላይ ይግባኝ ማለት ትችያለሽ። በዋናው ፍርድ ላይ ያለው 60 ቀን ግን እየቆጠረ ነው። ስለዚህ ሚያዝያ 12ንም ሚያዝያ 20ንም ለያይተሽ ያዢ። ዛሬውኑ ደሴ ላለችው እህትሽ ደውይና ውክልናውንና የሆስፒታሉን ማስረጃ አስጀምሪያት። እናትሽ ከአልጋ መነሳት ካልቻለች ውክልና የሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ቤት ድረስ እንዲልክላችሁ እህትሽ ትጠይቅ።