ሚኒሞው አልወርድ ያለው ቮልስ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። መኪናው እ.ኤ.አ. የ1972 ቮልስ ነው፣ ሞተሩ 1600። ጠዋት ያለችግር ይነሳል። ከሞቀ በኋላ ግን ሚኒሞው፣ ማለትም ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ በደቂቃ ከ1500 ዙር በታች አልወርድ ይላል። ጠያቂያችን የማስተካከያውን ብሎን እስከ መጨረሻው አጥብቀውታል፤ ለውጥ የለም። መካኒካቸው ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርብራተር «አልቆለታል፣ ይቀየር» ብሏቸዋል።

ገንዘብዎን ለጊዜው ያቆዩት። ብሎኑን ጨርሰው አጥብቀው ለውጥ ማጣትዎ ራሱ ትልቅ ፍንጭ ነው። ካርብራተርዎ ሶሌክስ 34 ፒክት 3 ከሆነ፣ ሚኒሞ የሚስተካከለው በጎኑ ባለው ትልቁ ብሎን ነው። ሲጠብቅ የሚገባው አየር ያንሳል፣ ዙሩም ይወርዳል። ተዘግቶም ካልወረደ አየር በሌላ በኩል እየገባ ነው። እሱን ሳያገኙ ብሎን ማሽከርከር ልፋት ብቻ ነው።

መጀመሪያ የቤንዚን መስጫውን ኬብል ከካርብራተሩ ላይ ይፍቱ። ዙሩ ወዲያው ከወረደ ጥፋተኛው ኬብሉ ነው። በቮልስ ላይ ከፊት እስከ ኋላ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ይዝጋል፣ ይይዛል። መመለሻ ሞላውም ላልቶ እንደሆነ ይዩ።

ቀጥሎ ቾኩ፣ ማለትም ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የሚገባውን አየር የሚቀንሰው ክዳን። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ያጥፉትና የአየር ማጣሪያውን አንስተው ከላይ ይመልከቱ። የቾኩ ሳህን ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ተኝቶ ካገኙት፣ ወደ ቾኩ የሚሄደው ሽቦ ኤሌክትሪክ እንዳለው ያረጋግጡ። ኤሌክትሪክ ከሌለው ውስጡ ያለው ሞላ አይሞቅም፣ ቾኩም አይከፈትም፤ የቤንዚን መስጫው ብሎንም ደረጃ ባለው ቁራጭ ላይ ከፍ ብሎ ይቀራል። ቤንዚን ቤንዚን የሚሸትና ጥቁር ጭስ ያለው ከሆነ ይህን ቀድመው ይጠርጥሩ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ቤንዚን መስጫውን አንዴ ረገጥ ካላደረጉት ያ ብሎን ከደረጃው አይወርድም። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ጤነኛ መኪና ጋራዥ ያመጣል።

ያ ብሎን የሚኒሞ ማስተካከያ አይደለም። ቾኩ ተከፍቶ ሳለ የመጨረሻውን ደረጃ ከነካ በኋላ ሩብ ዙር ብቻ ይግባ። አንድ ሰው በእሱ ዙር ለማስተካከል ሞክሮ ከሆነ፣ ችግርዎን እዚያው አግኝተውታል።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ አየር ከካርብራተሩ በታች እየገባ ነው። ከሥሩ ያለው ጓርኒሲዮን (አየር እንዳያልፍ የሚያሽገው ስስ ንጣፍ) እና የአየር ቧንቧዎቹን የሚያገናኙት ጎማዎች ዋነኞቹ ተጠርጣሪዎች ናቸው። የ1600ው ጎማዎች በዕድሜ ይሰነጠቃሉ፤ ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ ከሥር ስለሆነ ከላይ አይታይም። ሞተሩ እየሠራ ውሃ በመርጫ ጠርሙስ በጥቂቱ ይርጩባቸው። ዙሩ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው። ቤንዚን በስሪንጅ የሚረጩ መካኒኮች አሉ። እባክዎ አይፍቀዱላቸው፤ የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ቀልድ አይደለም።

ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ላይ ሁለት ቀጭን ቱቦ ካለ ሁለቱም በቦታቸው መሆናቸውን ያረጋግጡ። አንደኛው በሚኒሞ ጊዜ ብልጭታውን ወደ ኋላ የሚያዘገይ ነው። እሱ ከወለቀ ዙሩ ይንራል፣ ሰውም ካርብራተሩን ይወቅሳል።

የአዲስ አበባ ከፍታ ነው የሚልዎትን አይስሙ። ከፍታ አየሩን ያሳሳል፤ ሚኒሞ ቢያወርድ እንጂ አያንርም።

መካኒክዎ ትክክል የሚሆንበት አንድ ቦታ አለ። የቤንዚን መስጫው ዘንግ ከካርብራተሩ ጎንና ጎን በጣት ሲነቀነቅ የሚወዛወዝ ከሆነ አልቋል፣ አየርም በዚያ ይገባል። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ቶርኖ ቤት ይሂዱ። ጥሩ ባለሙያ ቀዳዳውን አስፍቶ ነሐስ ያስገባበታል። ገበያ ላይ ካለው ርካሽ ቅጂ ይልቅ የተጠገነ ኦሪጅናል ሶሌክስ እመርጣለሁ።

ቀዳዳው ከተዘጋ በኋላ ብቻ ወደ ብሎኖቹ ይመለሱ። ከትልቁ አጠገብ ያለውን፣ የቤንዚንና የአየሩን ድብልቅ የሚያስተካክለውን ትንሹን ብሎን በቀስታ እስኪቆም አስገብተው ሁለት ዙር ተኩል ያውጡት። ትልቁን 850 ዙር አካባቢ እስኪመጣ ያሽከርክሩ። ከዚያ ትንሹን ወዲያና ወዲህ እያሉ ሞተሩ የሚፈጥንበትን ቦታ ይፈልጉ፣ ዙሩ ትንሽ ቀነስ እስኪል መልሰው ያጥብቁት፣ በትልቁም ወደ 850 ይመልሱት።