ኢቃማው የአሠሪህ ነው፤ ገንዘቡስ የማን ነው?

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አንድ ልጅ መጣ። «ጋሼ፣ ጅዳ ሥራ አገኘሁ፤ ምን ይመክሩኛል?» አለኝ። መሐንዲስ ነው፣ ኮንትራቱን ፈርሟል፣ ደስታው ፊቱ ላይ ያበራል። ደስታውን ላለመግደል «አብሽር!» ብዬ ሸኘሁት። ቤቴ ገብቼ ግን ሲከነክነኝ አደረ። ያልነገርኩት ይኸው። ቆጣ ብል አትቀየሙኝ። ሳዑዲ 9 ዓመት ከ8 ወር ሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ ኖሬ፣ በ2009 ሻንጣ ይዤ የተመለስኩ ሰው ነኝ። (ዓመቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

1. ወረቀት

የፓስፖርትህ፣ የኢቃማህ (የመኖሪያ ፈቃድህ) እና የኮንትራትህ ፎቶ ስልክህ ላይም ይኑር፣ አገር ቤትም ይቀመጥ። ዲግሪህን ሳትሄድ አረጋግጥ። አለቀ።

2. ኢቃማው ያንተ አይደለም

ይኼን የቀን ሠራተኛው ያውቀዋል፤ ሻንጣው ሁሌም ግማሹ እንደታሰረ ነው። ባለ ዲግሪው ነው የማይገባው። የሚሽከረከር ወንበር ላይ ስለተቀመጠ የሚነሳ አይመስለውም። ኢቃማህ የቆመው በአሠሪህ ነው። የሚስትህና የልጆችህ ደግሞ ባንተ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አንተ ስትወድቅ ሁሉም ይወድቃል።

ከመጋቢት 2013 ወዲህ በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ዓመት ከሞላው ያለ ከፊሉ (ኢቃማው በስሙ የቆመለት አሠሪ) ፈቃድ ወደ ሌላ አሠሪ መዛወር ይችላል። በሰው ቤት የሚሠሩት እህቶቻችን ግን በዚያ ለውጥ ውስጥ አልገቡም። በእኔ ጊዜ ለማንም አልነበረም፤ ከፊሉ እንቢ ካለ ኩሩጅ (የመጨረሻ መውጫ ቪዛ) መትተህ ወደ አገርህ ነው። የሳዑዲ መንግሥት አፕ ስሙ አብሸር ይባላል፣ የእኛው አብሽር። ግን አያጽናናህም። በየጊዜው ገብተህ ኢቃማህ መቼ እንደሚያልቅ፣ ከሥራ ጠፋ ተብሎ ሁሩብ እንዳልተመዘገበብህ እይ። መሐንዲስ ሆነህ ኢቃማህ ላይ ሙያህ «ሠራተኛ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ገና ከመጀመሪያው አስተካክል።

ደግሞ ተናደህ አትልቀቅ። የስንብት ክፍያው እንዲህ ነው የሚሰላው፦ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በየዓመቱ የግማሽ ወር ደመወዝ፣ ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ የአንድ ወር። በራስህ ፈቃድ ከለቀቅክ ግን 2 ዓመት ካልሞላህ ባዶ እጅህን ነህ፣ እስከ 5 ሲሶውን፣ እስከ 10 ሁለት ሦስተኛውን፣ 10 ሲሞላህ ሙሉውን ታገኛለህ። የእኔ ደመወዝ 6 ሺህ ሪያል ነበር፤ ሙሉው 43 ሺህ ይመጣ ነበር። 10 ዓመት ሊሞላኝ 4 ወር ሲቀረኝ ሥራ አስኪያጁ ላይ ጮህኩበትና ለቀቅኩ። ለአንድ ቀን ንዴት ከ14 ሺህ ሪያል በላይ ከፈልኩ። ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ እኮ!

3. ገንዘቡ

ምን አናደደህ ትለኝ ይሆናል። ሰኔ 2009 መጨረሻ ላይ መንግሥት ቤተሰብ ይዞ በሚኖር የውጭ ሠራተኛ ላይ የጣለው የቤተሰብ ክፍያ ተጀመረ፤ ለአንድ ሰው በወር 100 ሪያል፣ ኋላ በየዓመቱ 100 እየጨመረ 400 ደርሷል። ለባለቤቴና ለ3 ልጆቼ የዓመቱ 4,800 ሪያል ሆነ። አልነበረኝም። ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ 4,800 ሪያል አልነበረኝም! ብድር ጠየቅኩ፣ እንቢ አሉኝ፣ ጮህኩ።

ገንዘቤ የት ሄደ? የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ገባ።

ጂ ፕላስ 2 እያሠራሁ ነበር። መሬቱ በወንድሜ ስም ነው፤ «አንተ የለህም፣ ለጊዜው በእኔ ይሁን» አለኝ፣ ይሁን አልኩ። ከዚያ በየወሩ ስልክ ነው። ፌሮ ተወደደ፣ ሲሚንቶ ጠፋ፣ ግንበኛው ጥሎ ሄደ። እኔ ደግሞ ደመወዝ በገባ በማግስቱ እልካለሁ። ስመለስ አንደኛው ፎቅ ላይ ፌሮው ዝጎ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ ምድር ቤቱ ውስጥ የወንድሜ አማቾች ይኖራሉ። ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ፣ በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኜ ሦስተኛውን ጠጥቼ ወጣሁ። ወንድሜን ብቻ አልወቅስም። የሰው ድርጅት ሂሳብ እስከ ሐላላው (የሪያል ሳንቲም) እቆጥር የነበርኩ ሰውዬ፣ ከወንድሜ አንድ ደረሰኝ ጠይቄ አላውቅም። ነውር መስሎኝ።

እናቴ ገንዘብ ጠይቃኝ አታውቅም። የምትጠይቀኝ «መቼ ትመጣለህ?» ብቻ ነበር። የቲኬቱን ለፌሮ ይሁን እያልኩ በዚያ ሁሉ ዓመት ሁለቴ ብቻ መጣሁ። በ2007 አረፈች። አሠሪዬ የመውጫና መመለሻ ቪዛውን እስኪጨርስልኝ ቀብሯ አለፈ። ፌሮው ግን አለ፤ ደሴና ኮምቦልቻ በተመላለስኩ ቁጥር አየዋለሁ።

ስለዚህ አንተ ልጅ ስማኝ። ደመወዝህን ሙሉውን ለማንም አትንገር፣ ለእናትህም ቢሆን። የ6 ወር ወጪህ እዚያው በስምህ ሳይቀመጥ አንድ ብሎኬት አትግዛ። ለእናትህ ጤፍና መድኃኒት ላክ፣ እሱ ግዴታህ ነው፤ ለጎረቤት ልጅ አይፎን መላክ ግን ግዴታ አይደለም። ቤት ከሠራህ በስምህ ይሁን፤ ዜጋ ነህ፣ ውጭ ስለሆንክ መብትህ አይቀርም። ውክልና ጅዳ ቆንስላ ሄደህ ስጥ፤ «ይገንባ፣ ግብር ይክፈል» በል፣ «ይሽጥ፣ ይለውጥ» የምትለዋን አታስገባ። ጭቅጭቅ ከመጣ አሁን ይምጣ፣ ገንዘቡ ሳያልቅ።

ያለህን ሁሉ ወደ ብር አትቀይር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ሲለቀቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ነው፣ አብሮ ወጣ። በብር ያስቀመጠው ሰው ቁጠባ እዚያው በተቀመጠበት ሟሸሸ። ለዲያስፖራ በውጭ ምንዛሪ ሂሳብ የሚከፍቱ ባንኮች እዚሁ አሉልህ።

4. ልጆች

አማርኛ ንገሯቸው። የእኔዎቹ ደሴ ትምህርት ቤት ሲገቡ ሀ ሁን ከሕፃናት ጋር ነው የጀመሩት። ሌላውን ሌላ ቀን።

ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ሳልነግራችሁ። ልጁ ሻዩን ከፍሎ ሲነሳ፣ ታላቅ ወንድሙ ኮምቦልቻ መሬት እያየለት እንደሆነ በደስታ ነገረኝ።