እሾህ የወጋው እግር ለምን መግል ይይዛል?

ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ሲሄዱ የግራር እሾህ ወግቶዎት በሦስተኛው ቀን የወጣው መግል ምን እንደሆነ ጠይቀዋል። መግሉ በአብዛኛው ባክቴሪያ ሲውጡ የሞቱ ነጭ የደም ሕዋሶች ክምችት ነው።

እሾሁ ቆዳን በስቶ ባክቴሪያ ሲያስገባ፣ በሥጋው ውስጥ አስቀድመው የሚኖሩት ማክሮፋጆች (ጀርም የሚውጡ ትልልቅ የመከላከያ ሕዋሶች) ባዕዱን ለይተው ኬሚካላዊ ምልክት ይለቃሉ፤ በዚህም የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፤ ኒውትሮፊሎች የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሶችም በሰዓታት ውስጥ ከደም ሥር ግድግዳ ሾልከው ይደርሳሉ። ፋጎሳይት የሚባሉት እነዚህ ሕዋሶች ባክቴሪያውን ከበው ወደ ውስጣቸው በከረጢት ያስገቡታል፤ ከረጢቱ ሊሶሶም ከሚባለው የሕዋሱ የመፍጫ ከረጢት ጋር ሲዋሐድም ኢንዛይሞችና መርዛማ የኦክስጅን ውህዶች ይገድሉታል። ይህ አሠራር ሰውነት ጀርሙን ከዚህ በፊት ባያውቀውም የሚሠራ በመሆኑ ተፈጥሯዊ መከላከያ ተብሏል።

የሚያስደንቀኝ፣ የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ኤሊ ሜችኒኮፍም ይህን የተረዳው በ1882 እ.ኤ.አ. በሲሲሊ ደሴት የባሕር ኮከብ እጭን በእሾህ ወግቶ፣ ተንቀሳቃሽ ሕዋሶች እሾሁን ሲከቡት በማየቱ ነው፤ በ1908 የኖቤል ሽልማትን ከሌላው የመከላከያ ተመራማሪ ከፖል ኤርሊክ ጋር ተጋርቷል።

መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ሳይዘገዩ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትዎንም ያስጠይቁ፣ የዚያን በሽታ መርዝ ፋጎሳይቶች ብቻቸውን አያስቆሙትምና።