ብሬከሩ እየወረደ ላስቸገራችሁ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከቡሬ ደወለልኝ። "ጋሼ፣ ምጣድ በሰካን ቁጥር ብሬከሩ ይወርዳል። 16 አምፔር ነው። አውጥቼ 32 ባስገባበት ምን አለው?" አለኝ። መልስ አጣሁ። ልጁ ኔትወርክ የጠፋ መስሎት "ሀሎ፣ ሀሎ" ይላል። የኔ ልብ ግን ደብረ ማርቆስ፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመት የማውቃት አንዲት ጓዳ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ያኔ በየቤቱ ብሬከር የለም፣ ቫልቮላ ነው። ነጭ ሸክላ ሆኖ ቀጭን ሽቦ አለው፣ ኃይል ሲበዛበት ሽቦዋ ትቀልጥና መብራቱ ይጠፋል። ደንበኛዬ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት ነበሩ። ወሩ ጥር ነው። ለሠርግ ቤት ሁለት መቶ እንጀራ ተቀብለዋል፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ ከቡሃቃው እየገነፈለ ነው፣ ቫልቮላው ደግሞ በየሰዓቱ ይቃጠላል። "ልጀ፣ የዛሬን ብቻ አውጣኝ" አሉኝ። ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። በአራተኛው ሰለቸኝ። ወፈር ያለ መዳብ ላጥኩና ጠመዘዝኩበት። ከዚያ በኋላ መብራቱ አልጠፋም። ትኩስ እንጀራ በሽሮ አበሉኝ፣ "እጅህ ይባረክ" ብለው ሸኙኝ። ሽሯቸው ደግሞ! እንዲያ ያለ ሽሮ ከዚያ ወዲህ አልበላሁም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እንጀራ ሊያደርሱ ወጥተው፣ ልጃቸው እየጋገረች ሳለ ጓዳው ተያያዘ። የጭቃ ቤት ነው፣ ኮርኒሱ የማዳበሪያ ጆንያ ተሰፍቶ። ሽቦው በጆንያውና በቆርቆሮው መሃል ያልፋል። ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ነው፣ ምጣድ አይሸከምም። እኔ ቫልቮላዋን እንዳትቀልጥ ስለከለከልኳት በሷ ፈንታ ሽቦው ቀለጠ። ልጅቷ ወጥታለች፣ ተመስገን። ግን የቀለጠው ጆንያ ክንዷ ላይ ጠብ ብሎባት ጠባሳው ቀረ።

ጎረቤቱ ሁሉ "ኮንታክት ነው" አለ። ኮንታክት! ልክ እንደ መብረቅ ከሰማይ የወረደ ይመስል። እኔም እዚያው ቆሜ "አዎ፣ ኮንታክት ነው" አልኩ። ቤቱ ሲታደስ ሽቦውን የዘረጋሁት እኔው ነኝ። ገንዘብ አልቀበልም ስላቸው የባሰ መረቁኝ። ሳልነግራቸው አረፉ።

የዛሬ ልጆች ቲክቶክ ላይ አንድ ደቂቃ አይታችሁ ኤሌክትሪሽያን ትሆናላችሁ። እኔ አራት ዓመት የሰው ፒንሳ ተሸክሜ ነው የተማርኩት። አራት ዓመት ተምሬም ያደረግኩት ያንን ስለሆነ እዚህ ላይ ብዙ ባልናገር ይሻላል። ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ሲያፈስ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጠውን ብሬከርም በስልኩ ያሳየኝ ይኸው የእህቴ ልጅ ነው። ግዙት፣ ጥሩ ነገር ነው።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይጎትታል፣ በ220 ቮልት 16 አምፔር መሆኑ ነው። ብሬከሯ ድሮም ጫፍ ላይ ናት፣ ስቶቭ ሲጨመርባት ትወርዳለች። 32 ብታስገቡ እሷ ዝም ትላለች፣ ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ግን ያው የድሮው ነው። የሚያልፍበት አምፔር እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። ምጣድ የራሱ መስመር ይኑረው፣ ባለ 6 ሽቦ (ውፍረቱ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ)፣ 25 አምፔር ብሬከር።

በእርጥብ እጅ አትንኩ ምናምን አልልም፣ እሱን እናታችሁም ነግራችኋለች። ሰው የሚረሳው ሌላ ነው። ምጣዱ እንደተሰካ መብራት ይጠፋል፣ ሁሉም ተነስቶ ይወጣል፣ መብራቱ ባዶ ቤት ላይ ይመጣል። ሲጠፋ ንቀሉት። ደግሞ የልብስ ማስጫ ሽቦ ቆርቆሮ ላይ አትሰሩ። ጣሪያ ሥር አንድ የተላጠ ሽቦ ቆርቆሮውን ከነካ ማስጫውም ይነዝራል፣ ልብስ የምታሰጣው ደግሞ እጇ እርጥብ ነው። የናይለን ገመድ ይበቃል።

ለልጁ በመጨረሻ "አትንካው፣ ቅዳሜ እመጣለሁ" አልኩት። "ጋሼ፣ ለአንድ ብሬከር ከማርቆስ ቡሬ ድረስ?" ብሎ ሳቀብኝ። ባለ 6 ሽቦ ጥቅልል ገዝቼ በሩ ሥር አስቀምጫለሁ። እስከዚያ እንጀራ ከጎረቤት ይግዙ።