ዲሲ ውስጥ ሃይስኩል ለምትመርጡ

ይህን የምጽፈው ስምንተኛ ክፍል ላይ ላላችሁና ከአገር ቤት ገና ለመጣችሁ ልጆች ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሂሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ማኅበር ላይም ለቅሶ ቤትም የምጠየቀው ያው ነው፤ «ጋሼ፣ ከመንግሥት ሃይስኩሎቹ ጥሩው የቱ ነው?»

«ለየትኛው ልጅ?» እላለሁ። ጠያቂው ግን ስም ብቻ ነው የሚፈልገው።

ስማቸው የገነነውን ታውቋቸዋላችሁ። ባኔከርና ስኩል ዊዝአውት ዎልስ ውጤት አይተው፣ መርጠው ነው የሚቀበሉት። ጎበዝ ለቅሞ የሚያስገባ ትምህርት ቤት ፈተና ላይ ቢያበራ ምን ይገርማል? ካርዶዞ ደግሞ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ይቀበላል፤ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደውን ጭምር። መርጦ የሚቀበለውንና ሁሉን የሚቀበለውን ትምህርት ቤት አማካይ ውጤት ጎን ለጎን ብታስቀምጡ፣ ማን እንደገባ እንጂ ማን እንዳስተማረ አይነግራችሁም።

የምረቃ ቁጥርማ ጭራሽ ጉድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የባሉ (Ballou) ሃይስኩል ተመራቂዎች ሁሉም ኮሌጅ ተቀበላቸው ተብሎ ተጨበጨበ። ሲጣራ ብዙዎቹ ለወራት ከክፍል የቀሩ ሆነው ተገኙ። ምርመራው ወደ ሌሎቹም ሲሰፋ፣ ከዚያ ዓመት የከተማው ተመራቂዎች ሲሶው ገደማ ዲፕሎማ ያገኙት ደንብ ተጥሶ ነበር። ስለዚህ እኔ ከምረቃው በፊት የማየው መቅረትን ነው። ልጆቹ በየቀኑ ክፍል ይገኛሉ ወይ? «ኤፒ ኮርስ (ሃይስኩል ሆነው የሚወስዱት የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት) አለን» ሲሏችሁም ስንቱ ተፈትኖ ከ5 ነጥብ 3 እና ከዚያ በላይ እንዳመጣ ጠይቁ።

ለጉብኝት ስትሄዱ አዲሱን ጂም አይታችሁ አትመለሱ። የተራውን የሂሳብ ክፍል ደብተር ለማየት ሞክሩ። መምህሩ ኤክስ አድርጎ ብቻ አልፏል ወይስ ልጁ የሳተበትን መስመር አክብቦ አንድ ቃል ጽፎለታል? እኔ ከዚያች ቀይ እስክሪብቶ በላይ የማምነው መረጃ የለኝም።

እንግሊዝኛችሁ ገና ከሆነ አትፈሩ። ካርዶዞ ውስጥ ለአዲስ መጤዎች የተዘጋጀ ኢንተርናሽናል አካዳሚ አለ። ስም ያለው ትምህርት ቤት ገብቶ አንድ ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ከመቀመጥ ያ ይሻላል፤ ይሄ የኔ አቋም ነው፣ የሚቆጡኝ ወላጆች አሉ። ኮሌጅ ቶሎ መጀመር ለምትፈልጉ ደግሞ ባርድ የሚባል የመንግሥት ሃይስኩል አለላችሁ፤ ሃይስኩሉን ስትጨርሱ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ በነፃ ይዛችሁ መውጣት ትችላላችሁ።

ከሰፈራችሁ ትምህርት ቤት ውጪ ቦታ የሚደለደለው በከተማው የትምህርት ቤት ሎተሪ ነው፤ ማመልከቻው ላይ እስከ 12 ትምህርት ቤት መሙላት ይቻላል። ከልባችሁ የምትፈልጉትን አንደኛ አድርጉ። «የማይደርሰኝን አንደኛ ካልኩ ሌላውንም አጣለሁ» የሚባለው ወሬ ነው፤ አሠራሩ እንደዚያ አይደለም። የሃይስኩል ማመልከቻ የሚዘጋው ፌብሩዋሪ መጀመሪያ አካባቢ ስለሆነ የገናን ዕረፍት ተጠቀሙበት። መርጠው የሚቀበሉት ከሎተሪው ሌላ የራሳቸው መስፈርት አላቸው።

ደግሞ ለእናታችሁ እናንተው አታስተርጉሙ። አስተማሪዋ «እየወደቀ ነው» ስትል «በጣም ጎበዝ ነው ትላለች» ብሎ የተረጎመ ልጅ አጋጥሞኛል። እናትየው አመስግነው ወጡ! ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዲሲ ሕግ መሠረት የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ይቀርባል። ከቀጠሮው አስቀድማችሁ ቢሮ ደውላችሁ ጠይቁ።