ሰው የሚበሉ ጭራቆችና ኤሊየኖች፦ ጥያቄያችሁን አምጡ

ዛሬ ማታ ጊዜ አለኝ። በልቦለድ፣ በፊልምና በማንጋ (በጃፓን የሥዕል ታሪኮች) ሰው ስለሚበሉ ጭራቆችና ከሌላ ዓለም ስለሚመጡ ፍጡራን ጠይቁ። አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ የታሪኮቹን መጨረሻ አወጣለሁ፤ ያላያችሁት ካለ ዝለሉት። ደግሞ መግደልና መብላት ለየቅል ናቸው። ይህን ሳትለዩ አትጠይቁኝ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥላ፦ ጋሼ፣ በ1979ኙ «ኤሊየን» ፊልም ላይ ያለው ፍጡር ሰው የሚበላው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ገና በመጀመሪያው ጥያቄ! አንዱ ፍጡር ሰው ፊት ላይ ይለጠፋል፤ ሽሉን በአፍ በኩል ያስገባል፤ ሽሉ አድጎ ደረት በርቅሶ ይወጣል። ሰውየው እራት አልሆነም፣ ማህፀን ነው የሆነው። እዚሁ ምድር ላይ አንዳንድ ተርቦች እንቁላላቸውን አባጨጓሬ ውስጥ ይጥላሉ። እንዲያውም የተርቡ እጭ ይብሳል፤ እሱ አባጨጓሬውን ከውስጥ ይበላዋል።

ሌሊት ወፍ፦ «ፕሬዳተር» ፊልም ላይ ያለው ኤሊየንስ?

መልስ፦ አዳኝ ነው። የራስ ቅል ይሰበስባል። መግደልና መብላት ለየቅል ናቸው ብያለሁ። ቀጥሉ።

አንባቢዋ፦ በኤች ጂ ዌልስ «የዓለማት ጦርነት» ላይ ማርሳውያኑ ሥጋ ይበላሉ ወይስ ደም ይጠጣሉ? መጽሐፉን አላነበብኩትም።

መልስ፦ ተባረኪ! ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። መጽሐፉ የወጣው በ1898 ነው። ማርሳውያኑ ሆድ ዕቃ የላቸውም። ከአንጎል የዘለለ አካል የላቸውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አይበሉም፣ አይጠጡምም። በሕይወት ካለ ፍጡር፣ በብዛት ከሰው፣ ትኩስ ደም ቀድተው በቀጥታ ወደ ራሳቸው ደም ሥር ይሰዱታል። ለመንገዱም ስንቅ ይዘው ነበር፤ በሁለት እግራቸው የሚሄዱ የማርስ ፍጡራን። ምድር ሳይደርሱ ጨርሰዋቸዋል።

ዌልስ ባዮሎጂ የተማረ ሰው ነው፤ ያስታውቃል። ተራኪው ይህን ሁሉ ዘግናኝ ነገር ነግሮን ሲያበቃ ምን ይላል መሰለሽ? የእኛ ሥጋ መብላት ለአንዲት አስተዋይ ጥንቸል ምን ያህል እንደሚቀፋት አስቡ ይላል። ከመጽሐፉ ሁሉ እኔ የምወዳት ይህችን ቦታ ናት። ብዙው ሰው ጨረሩንና ፍንዳታውን ያስታውሳል፣ ጥንቸሏን ይረሳል።

ሦስተኛው ዓይን፦ አሪፍ የሰው በላ ነገር ጠቁመኝ።

መልስ፦ አሪፍ ማለት ምን ማለት ነው? ፊልም? መጽሐፍ? የሚያስቅ? የሚያስፈራ? ጥያቄህን አብስለህ ና።

ሦስተኛው ዓይን፦ በቃ አጭር ይሁን። መጨረሻው የሚያስደነግጥ።

መልስ፦ አሁን ተግባባን። የዴመን ናይት «ቱ ሰርቭ ማን»፣ 1950 የታተመ አጭር ልቦለድ ነው። በ1962 በቴሌቪዥን ቀርቧል። ኤሊየኖቹ ሰላም ይዘው ይመጣሉ፣ ረሃብን ያጠፋሉ። የመጽሐፋቸው ርዕስ ሲተረጎም «ሰውን ለማገልገል» ይላል። ሁሉም ደስ ይለዋል። ለካስ የምግብ አሰራር መጽሐፍ ኖሯል። በእንግሊዝኛ «ሰርቭ» የሚለው ግሥ «ማገልገል»ም ነው፣ «ለገበታ ማቅረብ»ም ነው። በአማርኛ ቀልዱ ይሞታል። ለዚህ ነው መጀመሪያ የነገረኝ ሰው ሲስቅ እኔ ዝም ብዬ ያየሁት።

ጥላ፦ እና በእውነቱ ከሌላ ፕላኔት የመጣ ፍጡር ሊበላን ይችላል?

መልስ፦ ይህን ስጠብቅ ነበር። መዋጡን ሊውጠን ይችላል። መፍጨቱ ነው ችግሩ። ፕሮቲን የሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች፣ ከአንዱ በቀር፣ እንደ ግራና ቀኝ እጅ ሁለት መልክ አላቸው። በምድር ያለ ሕይወት ፕሮቲኑን የሚሠራው ከግራዎቹ ነው። የመጣው ፍጡር በቀኞቹ የተሠራ ከሆነ ምግብ የሚፈጭለት ኢንዛይም ሥጋችንን ማብላላት ያቅተዋል። የግራን ጓንት ቀኝ እጅ ላይ እንደማጥለቅ ነው። እየበላ ይራባል።

እሺ ገጠመ እንበል። ሥጋችን ለእሱ ከተስማማው የእሱም ሥጋ ለእኛ ባክቴሪያዎች ሊስማማ ነው። ዌልስ ማርሳውያኑን በባክቴሪያ የፈጃቸው ዝም ብሎ አይመስለኝም። ደማችንን ሲቀዱ ቆይተው በጥቃቅኖቹ ተበሉ።

ደግሞም አናዋጣም። የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ጄምስ ኮል በ2017 ባሳተመው ጥናት የአንድ ሰው ጡንቻ 32 ሺህ ካሎሪ ገደማ ነው። የማሞዝ፣ የዚያ ከምድር የጠፋ የዝሆን ዘመድ፣ 3.6 ሚሊዮን ነው። ለሥጋችን ብሎ ከዋክብትን አቋርጦ የሚመጣ ፍጡር ሒሳብ አይችልም።

ሌሊት ወፍ፦ ዞምቢስ? አንጎል ነው አይደል የሚበላው?

መልስ፦ እሱ በ1985 ከወጣ አንድ አስቂኝ የዞምቢ ፊልም የተስፋፋ ነው። የ1968ቱ «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» ላይ ሥጋ እንጂ አንጎል ተመርጦ አይበላም። «ዞምቢ» የሚለው ቃልም ፊልሙ ውስጥ አይነሳም።

ሦስተኛው ዓይን፦ ዞምቢ ግን እዚህ ርዕስ ውስጥ ምን አገባው? ሰው ነው እኮ። ሰው ሰውን ቢበላ ጭራቅ አይባልም።

ሌሊት ወፍ፦ ሞቷል እኮ!

ሦስተኛው ዓይን፦ ቢሞትም ሰው ነው። አስከሬን ሰው አይደለም ልትለኝ ነው?

ሌሊት ወፍ፦ አስከሬን እራት አይበላም።

አንባቢዋ፦ እንዲህ ከሆነ ቫምፓየርም ይውጣ። እሱም ሰው ነበር።

መልስ፦ ቫምፓየር ደም ነው የሚጠጣው፤ ለብቻው ተነጋገሩበት። ወደ ጥያቄ ተመለሱ።

አንባቢዋ፦ እሺ። «አታክ ኦን ታይታን» የሚባለው ማንጋ ላይ ግዙፎቹ ታይታኖች ሰው ይበላሉ። እዚህ ላይ እንኳ አትከራከረኝም።

መልስ፦ መጨረሻውን ያላነበበ ይዝለል! ታይታኖቹ የምግብ መፍጫ አካል የላቸውም። ኃይል የሚያገኙት ከፀሐይ ብርሃን ነው። ሲጠግቡ የዋጡትን ያስመልሱታል። ታዲያ ለምን ይውጣሉ? ተራ ታይታን ወደ ሰውነት የሚመለሰው የታይታን ኃይል የያዘ ሰው ሲበላ ብቻ ነው። ማንን እንደሚበላ ስለማያውቅ ያገኘውን ሁሉ ይውጣል። ደራሲው ሃጂሜ ኢሳያማ በ2009 ሲጀምር ተራ ጭራቅ አስመሰላቸው፣ በኋላ ግን ሰው ለመሆን የሚጎመጁ ምስኪኖች መሆናቸው ወጣ። እኔን ያስለቀሰኝ ብቸኛው ሰው በላ ይሄ ነው።

አንባቢዋ፦ «ሲበላ» አልክ።

መልስ፦ ማለቴ... እሺ፣ ይሄኛው ይበላል። አንድ ነጥብ ላንቺ።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ጋሼ፣ አሁን ነው የገባሁት። በ1979ኙ ፊልም ላይ ያለው ፍጡር ሰው ለምን ይበላል?

መልስ፦ ማህፀን! ከላይ አንብብ።

ጥላ፦ የመጨረሻ ጥያቄ ጋሼ። ያቺን ጥንቸል ካነበብክ በኋላ ሥጋ ትበላለህ?

መልስ፦ ከርዕስ ውጭ ነው።

ጥላ፦ ይበላል ማለት ነው።

ሌሊት ወፍ፦ አይበላም፣ ይውጣል። ለየቅል ናቸው።