የተረሳውን በሽታ ልትይዙ ለተነሣችሁ የሰሜን ሸዋ ልጆች

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደብረ ብርሃን ካለው ቤቴ ተማሪ አይጠፋም። ከዩኒቨርሲቲው የጤና ካምፓስ ይመጣሉ፤ መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ የተመደቡትም ፈቃድ ሲያገኙ ብቅ ይላሉ። ጥያቄያቸው አንድ ዓይነት ነው፦ «ጋሼ፣ በዓለም አቀፍ ጤና ዘርፍ ለመሥራት ምን ልማር? ለማን ላመልክት?» ምኞታቸው ደስ ያሰኘኛል። መልሴን ግን ከማመልከቻ አልጀምርም። ቀድሜ የምጠይቃቸው፣ «የትኛውን በሽታ ሃያ ዓመት ሳትለቁ ልትይዙ ትችላላችሁ?» ብዬ ነው። ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ለምን እንዲህ እንደምጠይቅ ላስረዳችሁ።

ትኩረት የሚሹ የሐሩራማ አካባቢ በሽታዎች የምንላቸው የሚበረቱት በድሃው ላይ ነው። ድሃ መድኃኒት የሚገዛበት ገንዘብ ስለሌለው መድኃኒት የሚፈልግለት ኩባንያ አያገኝም። እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1999 ባሉት ዓመታት (በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በዓለም ገበያ ላይ ከዋሉት 1,393 አዳዲስ መድኃኒቶች ውስጥ ለሐሩር አካባቢ በሽታዎችና ለሳንባ ነቀርሳ የተሠሩት 16 ብቻ ነበሩ። ይህ ቁጥር በ2002 ሲታተም ብዙዎቻችንን አስቆጣ። በማግስቱ ዓመት ለእነዚህ በሽታዎች መድኃኒት የሚፈልገው፣ ለትርፍ ያልቆመው ዲኤንዲአይ ጄኔቫ ላይ ተቋቋመ። ሁኔታው ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ ነገር ግን በዚህ ዘርፍ ዛሬም ሰው ጥቂት ነው። ሰው በጥቂቱ በሚገኝበት ሥራ አንድ ሰው ጥሎ ሲሄድ ጉዳዩ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ነው ቆይታችሁን የምጠይቃችሁ።

ይህን ለመማር ከዞናችን መውጣት አያስፈልጋችሁም። ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ጋቢ ደርባችሁ ተነሥታችሁ ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት ብትወርዱ፣ ቀኑ ሳይጋመስ ወባ ያለበት ቆላ ትደርሳላችሁ። ደጋው ላይ ውኃ በራቀው ቤት የዓይን ማዝ አለ። ሽኮኮ በሚውልበት ገደል አጠገብ የሚኖር ሰው ፊት ላይ ቁንጭር የተባለው የቆዳ ቁስል ይወጣል። ቆላው ላይ በወንዝና በመስኖ ውኃ የሚራጩ ልጆች ለቢልሃርዝያ ይጋለጣሉ። በቅማል የሚተላለፈውና ደጋማውን ሕዝብ ሲያሠቃይ የኖረው የሚያገረሽ ትኩሳት ደግሞ ዓለም ጤና ድርጅት «ትኩረት ተነፍጓቸዋል» ብሎ በዘረዘራቸው በሽታዎች መካከል እንኳ የለም፤ ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

ከሁሉም ይልቅ እግርን ስለሚያሳብጠው ስለ ዝሆኔ ላጫውታችሁ። ዝሆኔ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በትንኝ የሚተላለፍ ትል የሚያመጣው ነው። ሁለተኛው፣ በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ የሚገኘው፣ ትልም ትንኝም የለበትም፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። ሐኪሞቹ ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ያደረገ ሰው አይዘውም ማለት ይቻላል።

ይህን ያወቅነው በብዙ ድካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠሩ ጥቂት ሐኪሞች በገበያ ቀን ቆመው የገበያተኛውን ያበጠ እግር ይቆጥሩ ነበር። ከእነርሱ አንዱ የነበሩት እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በሽታው የሚገኝበትን ቦታ ከአፈሩ ዓይነት ጋር አስተያዩ፤ በሕመምተኞች ንፍፊት ውስጥም የአፈር ብናኝ አገኙ። የሰማቸው ግን ጥቂት ነበር። በ2000ዎቹ ዶክተር ጌይል ዴቪ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ከወጣት ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ጉዳዩን እንደገና አነሡት። እነዚያ ወጣቶች የሠሩትን ልብ ብላችሁ ተመልከቱልኝ።

መጀመሪያ ኪሳራውን አሰሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት፣ በወቅቱ 1.7 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በነበረበት የወላይታ ዞን ብቻ በሽታው በዓመት ወደ 16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንደሚያሳጣ አሳየ። በጀት የሚመድብ ባለሥልጣን ስለ እግር እብጠት ሲነገረው ያዝናል፤ ስለጠፋ የሥራ ቀን ሲነገረው ግን ወረቀት ያወጣል። ቀጥሎ ያ ቡድን፣ በዚያው አፈር ላይ በባዶ እግር ከሚሄዱት መካከል አንዱ ታሞ ሌላው የሚተርፍበትን ምክንያት ፈለገ። በ2012 የታተመው ጥናታቸው ከሰውነት መከላከያ ጋር የተያያዙ ዘረመሎች ድርሻ እንዳላቸው አረጋገጠ።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሠሩት አንድ ነገር አለ፤ እኔ ከሁሉም አብልጬ የማከብረው እርሱን ነው። ደም ከመውሰዳቸው በፊት ሕዝቡ ስለ ጥናቱ ምን እንደሚያስብ ጠየቁ። ሰዎቹ የፈሩት መርፌውን ሳይሆን ስማቸውን ነበር። «ዝሆኔ በዘር ነው» የሚለው ወሬ በጥናት ከጸና ልጆቻችን አይዳሩም ብለው ሰጉ። ቡድኑም አስረድቶ ፈቃድ የሚጠይቅበትን መንገድ በዚህ መሠረት አስተካከለ። እኔም በሥራዬ የገጠመኝ ይኸው ነው። አንዲት እናት እግራቸውን በቀሚሳቸው ሸፍነው፣ «ልጄ፣ ይህን ስትጽፍ የማንን ቤት ስም ነው የምትጽፈው?» ብለው ጠየቁኝ። ሴት ልጃቸው ለጋብቻ የደረሰች ነበረች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ሰው በሽታውን የሚደብቀው ግን ከገለጠው በኋላ የሚደርስበትን ስለሚያውቅ ነው። ይህን ያልገባው ተመራማሪ ቅጹን ሞልቶ ይመለሳል፤ እውነቱን ግን ይዞ አይመለስም። እናንተ የዚህ አገር ልጆች ከውጭ ከሚመጣው የምትበልጡበት ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። ጎረቤት ሲያማ የሚለውን ታውቃላችሁ፤ ለቅሶና ሠርግ ላይ ማን ከማን ርቆ እንደሚቀመጥ አይታችኋል። ይህን እውቀት ተራ ነገር አድርጋችሁ አትተዉት፤ ጥናታችሁ ውስጥ አስገቡት።

ከዚያ ካርታው መጣ። እ.ኤ.አ. በ2013 በተካሄደውና ከበደ ደሪቤ በመሩት አገር አቀፍ ቅኝት በ659 ወረዳዎች 1,315 መንደሮች ታዩ፤ ወደ 130 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ተመረመሩ። ከውጤቱ ተነሥቶ በተሠራው ስሌት በሽታው 345 ወረዳዎችን እንደሚያዳርስ፣ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ አዋቂዎችም እንደታመሙ ታወቀ። በዚያው ዓመት ይፋ የሆነው ትኩረት ለሚሹ በሽታዎች የወጣው የመጀመሪያው አገር አቀፍ ዕቅድ ቅድሚያ ከሰጣቸው ስምንት በሽታዎች አንዱ ዝሆኔ ሆነ። ከመጀመሪያዎቹ የገበያ ቆጠራዎች እስከዚህ ቀን ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

እዚያም ላይ አላበቃም። እግርን በውኃና በሳሙና መታጠብ፣ ጀርም የሚገድል ነገር ጠብ አድርጎ መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፤ ሕክምናው ይኸው ነው። እንዲህ የቀለለ ነገር ማስረጃ የሚያስፈልገው አይመስልም። የፖሊሲ ሰው ግን ማስረጃ ይጠይቃል፤ ልክም ነው፣ ለዝሆኔ የሚያወጣው ብር ከሌላ ሕመምተኛ ላይ የሚነሣ ነውና። ስለዚህ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ወደ 700 የሚጠጉ ሕመምተኞች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ፤ ሄኖክ ንጉሤና ባልደረቦቹ ውጤቱን በ2018 አሳተሙ። ሕክምናው እግር ድንገት የሚያብጥበትንና ሰውን አልጋ ላይ የሚያውለውን ሕመም በአንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰው። አንድ አምስተኛ ትንሽ የሚመስለው በአጨዳ ወቅት ተኝቶ ለማያውቅ ሰው ነው።

አሁን ስለ ፖሊሲ ጠረጴዛው። የዓለም ጤና ጉባኤ በየዓመቱ ግንቦት አካባቢ ጄኔቫ ላይ ይሰበሰባል። በ2013 ስለነዚህ በሽታዎች ውሳኔ አሳልፏል፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 የሚዘልቀው ፍኖተ ካርታም በ2021 ይፋ ሆኗል። እንደዚህ ባለው ስብሰባ ተቀምጫለሁ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የሚደመጠው የአገሩን ቁጥር በቃሉ የሚያውቅና በሁለት ደቂቃ ጥርት አድርጎ የሚናገር ሰው ነው። ቁጥሩ ደግሞ የሚመጣው ከቀበሌ ነው። ስለዚህ መስክንና ፖሊሲን እንደ ሁለት የተለያየ ሥራ አትመልከቱ። ስታቲስቲክስ በደንብ ተማሩ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም አንድ ገጽ አሳምራችሁ መጻፍ ልመዱ። ናሙና ወደ ውጭ የሚላክበትን ውል ደግሞ ሳታነቡ አትፈርሙ፤ ናሙናው የማን እንደሆነ፣ ጽሑፉ ላይ ስማችሁ የት እንደሚቀመጥ ከመጀመሪያው ይጻፍ። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ይህን ስል ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ትዝ ይሉኛል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ፤ ቢልሃርዝያን የሚያሰራጨው ቀንድ አውጣ ነውና የልብስ ማጠቢያው ፍሬ መድኃኒት ሊሆን እንደሚችል ተረዱ። ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዓመታት ደከሙበት፤ በ1989 ሁለቱም ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። የአፍሪካ ሳይንቲስት በአገሩ ያረጋገጠው ነገር ውጭ አገር ካልተደገመ አለመታመኑን በሚገባ ቀምሰዋል። እንዶድ የቢልሃርዝያ ዘመቻ ዋና መሣሪያ አልሆነም፤ ዛሬ ሥራውን የያዘው ፕራዚኳንቴል የተባለው እንክብል ነው። ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ግን በስማቸው ተጠርቶ አዲስ አበባ ላይ ቆሟል፤ ብዙ ተመራማሪዎችም ወጥተውበታል።

ስለ ገንዘብ ደግሞ በግልጽ ልንገራችሁ። የዚህ ዘርፍ ገንዘብ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። በ2021 ብሪታንያ ለነዚህ በሽታዎች የምትሰጠውን ትልቅ ድጋፍ ከጊዜው በፊት አቋረጠች። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ሲያቆም በብዙ አገሮች የመድኃኒት ዕደላና ጥናት በአንድ ጊዜ ቆሙ። ኮንትራታቸው የተቋረጠ ልጆች እያለቀሱ ደውለውልኛል። ለእነርሱ ያልኩትን ለእናንተም እላለሁ፦ የምትሠሩት ነገር በወረዳችሁ በጀት ውስጥ፣ ትንሽ እንኳ ብትሆን፣ የራሷ መስመር እንድትኖራት ታገሉ። ሳሙናና ፋሻ በወረዳ አቅም ሊገዛ ይችላል። ለጋሹ ሲሄድ የምትቀረው ያቺ መስመር ናት።

ከዚህ ደብዳቤ በኋላ ምን እናድርግ ለምትሉ፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሂዱና ኃላፊውን አስፈቅዳችሁ መዝገቡን ተመልከቱ። ዝሆኔ፣ ቁንጭር፣ የዓይን ማዝ ስንት ጊዜ ተጽፏል? ባዶ ከሆነ፣ በሽታው ጠፍቶ ነው ወይስ የጠየቀ ጠፍቶ? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አነጋግሯት፤ ከቤት ወደ ቤት የምትዞረው እርሷ ናት፣ እግሩን ሸፍኖ የሚቀመጠውን ታውቀዋለች። ያገኛችሁትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ፣ የማንንም ስም ሳታነሡ፣ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አስገቡ። ግልባጩን ይዛችሁ ወደ ቤቴ ኑ፤ አብረን እናነበዋለን።